ሥዕሉ ላይ ጀሪካን አልነበረም፦ የአንድ ኮንዶሚኒየም ሳሎንና ሻወር ቤት የጉዳይ ጥናት

## ለምን ልጻፈው አልኩ

የውስጥ ዲዛይን የምንሠራ ሰዎች ያማረውን ፎቶ እንለጥፋለን እንጂ ያበላሸነውን አናወራም። ይሄኛው ሥራ ሁለቴ የተሠራ ነው። መጀመሪያ በሥዕል አሳምሬ ሠራሁት፤ ከዚያ ግማሹን አስፈርሼ እንደገና ጀመርኩት። ለመፍረሱ ምክንያት የሆነው ጥያቄ ገና በመጀመሪያው ቀን ተጠይቆ ነበር። ያልሰማሁት እኔ ነኝ። ባለቤቶቹ ማንነታቸው እስካልታወቀ ድረስ እንድጽፈው ፈቅደውልኛል።

## ቤቱና ቤተሰቡ

ቤቱ አዲስ አበባ ምሥራቅ ጫፍ ላይ ያለ የ20/80 ኮንዶሚኒየም ነው። ባለ ሁለት መኝታ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የሌለው። ሳሎኑ 3.40 በ4.60 ሜትር ነው፤ 15 ካሬ ከምናምን። ሻወር ቤቱ 1.30 በ1.90 ነው፤ 2.5 ካሬ እንኳን አይሞላም። የሽንት ቤት መቀመጫው፣ ሲንኩና ሻወሩ እዚያችው ውስጥ ናቸው። አንድ ሰው ገላውን ሲታጠብ ሶፍቱ ሳይቀር ይረጥባል።

ባልና ሚስቱ የ12 ዓመት ወንድና የ8 ዓመት ሴት ልጅ አሏቸው። ከዓመት በፊት የሚስትየዋ እናት ከደሴ መጥተው አብረዋቸው መኖር ጀመሩ። 74 ዓመታቸው ነው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። እማማ እያልኩ ነበር የምጠራቸው፣ እዚህም እንደዚያው ልበላቸው። መኝታ ክፍል ስላልተረፈ ማታ ማታ ሳሎን ፍራሽ እየተነጠፈላቸው ይተኛሉ።

የወጪውን ግማሽ የቻለችው አሜሪካ ሜሪላንድ ያለችው ሌላዋ ልጃቸው ናት። ትእዛዟ አጭር ነበር፦ «እማዬ ሆቴል የሚመስል ቤት ውስጥ ትኑርልኝ።»

## «ልክ ሆቴል!»

የመጀመሪያውን ኮንሴፕት በሁለት ሳምንት ጨረስኩ። ሻወር ቤቱ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ግራጫ ሴራሚክ። ገላ መታጠቢያውን የሚለይ ፍሬም የሌለው መስታወት። ከኮርኒሱ እንደ ዝናብ የሚወርድ ሰፊ ሻወር። ሳሎኑ ደግሞ ነጭ በነጭ ሆኖ ኤል ሶፋ፣ እብነ በረድ የሚመስል የቲቪ ግድግዳና ባለ ሁለት ደረጃ የጂፕሰም ኮርኒስ ነበረው።

ስሪዲውን (በኮምፒውተር የተሠራውን ሥዕል) በቴሌግራም ላክሁ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሜሪላንድ ደርሶ ተመለሰ። «ልክ ሆቴል!» ተባለ። እኔም ደስ አለኝ።

እማማ የልጃቸውን ስልክ ተቀብለው ሥዕሉን ረጅም ጊዜ አዩት። መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አደረጉ። ከዚያ «ልጄ፣ ውሃው የቱ ጋ ነው የሚቀመጠው?» አሉኝ።

«እማማ፣ ውሃው እኮ ከላይ ነው የሚመጣው» አልኳቸው፣ የዝናቡን ሻወር በጣቴ እያሳየሁ። ልጃቸው ሳቀች። እሳቸው «እሺ» ብለው ስልኩን መለሱ።

## ችግሩ

በዚያ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ያውም አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት። አላውቅም ነበር ማለት አልችልም፣ እኔም ቤት ውሃ በፈረቃ ነው። ግን ኮምፒውተር ፊት ስቀመጥ እረሳዋለሁ። ስሪዲ ላይ ውሃ አይሄድም።

ሥራው ተጀመረ። የሴራሚክ ሠራተኛው አሮጌውን ወለል ከማፍረስ «ላዩ ላይ እናንጥፈው፣ ጊዜም ብርም ይተርፋል» አለ። ከሦስተኛ ፎቅ ፍርስራሽ በጆንያ ማስወረድ ቀላል ወጪ ስላልሆነ ተስማማሁ። የሻወር ቤቱ ወለል በዚህ ምክንያት ከኮሪደሩ 1.5 ሳንቲሜትር ከፍ አለ። ወደ ፍሳሹ የነበረችው ትንሽ ስሎፕም (ተዳፋት) በማጣበቂያው ተሞልታ ጠፋች። አንድ ባልዲ ውሃ ሲደፋ ከፊሉ ፍሳሹን ትቶ ወደ ኮሪደሩ ይሄድ ጀመር።

ወለሉ በተነጠፈ በአራተኛው ቀን እማማ አዲሱ ሴራሚክ ላይ ተንሸራተቱ። የውሃ በርሜሉን ይዘው ተረፉ። ክርናቸው ብቻ በለዘ። በርሜሉን ቤተሰቡ ራሱ ነው ሴራሚኩ እንደደረቀ መልሶ ያስገባው። ያስቀመጡትም ልክ እኔ የዝናብ ሻወሩን የሳልኩበት ቦታ ላይ ነበር። ሌላ ቦታማ ከየት ይመጣል?

በዚያው ቀን ሥራውን አስቆምኩ።

## አንድ የውሃ ሌሊት

ቀጣዩ ፈረቃ ሐሙስ ሌሊት ነበር። አስፈቅጄ እዚያው አመሸሁ። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ቧንቧው ሲያፏጭ ሁሉም ተነሳ። ማንም ማንንም አላዘዘም። ባልየው ጎማውን ከቧንቧው ወደ በርሜሉ ዘረጋ። ሚስትየዋ ኩሽና ገብታ ጀሪካን መሙላት ያዘች፤ በዚያው የልብስ ማጠቢያ ማሽኑን ከፈተች። መጀመሪያ የመጣው ቡናማ ውሃ ለብቻው በባልዲ ተያዘ፤ ለሽንት ቤት ይሆናል። እማማ ዱካ ላይ ተቀምጠው የጀሪካን ክዳን ይገጥማሉ። ክዳኑ የላላውን ከሥሩ ቁራጭ ፌስታል ያደርጉበታል።

እኔ ቆጠርኩ። አንድ የ200 ሊትር በርሜል፣ ስምንት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን፣ ሁለት ባልዲ፣ አንድ ሳፋ። 400 ሊትር ገደማ ማለት ነው። 9 ሰዓት ሳይሞላ ውሃው ሄደ።

ጠዋት እማማ እንዴት ገላቸውን እንደሚታጠቡ ልጃቸውን ጠየቅኋት። ውሃ በድስት ይሞቃል፣ ሳፋ ውስጥ ከቀዝቃዛው ጋር ይቀላቀላል፣ ዱካው ላይ ይቀመጣሉ፣ በጆግ እየቀዱ ያፈሳሉ። ቆመው አይታጠቡም፤ ጉልበታቸው አይችልም። ማታ ደግሞ ጨው በጨመሩበት ለብ ያለ ውሃ እግራቸውን ይነክራሉ። በወር አንዴ ፍልውሃ ይሄዳሉ። «እዚያ ቁጭ ብለሽ ነው የምትታጠቢው፣ ማንም አያጣድፍሽም» ይሏታል ልጃቸውን።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የገባኝ። አዲስ አበባ ራሷ የተቆረቆረችው እኮ እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ፍልውሃው አጠገብ ቤት ሲያሠሩ ነው። ከተማዋ ከሙቅ ውሃ ጀምራለች። እኔ ደግሞ ካላየሁት ሆቴል ነበር የጀመርኩት። ሁለተኛውን ፋይል «ፍልውሃ» ብዬ ሰየምኩት። ሐሳቡ አንድ መስመር ነው፦ ተቀምጦ መታጠብ፣ ውሃውም በእጅ የሚደረስበት ቦታ መሆን።

## ሻወር ቤቱ እንደገና

አዲሱም አሮጌውም ወለል እስከ ኮንክሪቱ ድረስ ፈረሰ። ጥግ ላይ ወዳለው ፍሳሽ በሜትር 2 ሳንቲሜትር ስሎፕ ተሰጠው። ሴራሚኩ ወደ ትንንሽና ደብዛዛ ተቀየረ፣ 10 በ10 ሳንቲሜትር። ትንሽ ሴራሚክ መጋጠሚያው ብዙ ስለሆነ እግር ይይዛል። ስሎፑንም ሳይቆረጥ ይከተላል። ከሴራሚኩ በፊት ዋተርፕሩፍ ሁለት ጊዜ ተቀባ። የመጀመሪያው በቁመት፣ ሁለተኛው በአግድም። ግድግዳው ላይ 20 ሳንቲሜትር፣ መታጠቢያው ጥግ ላይ ደግሞ 1.80 ሜትር ድረስ ወጣ።

ከዚያ ሙከራው መጣ። ፍሳሹ ተደፍኖ ወለሉ ላይ 3 ሳንቲሜትር ያህል ውሃ ይተኛል፣ 24 ሰዓት ይጠበቃል። ለዚህች ክፍል 70 ሊትር ገደማ ይፈልጋል። በፈረቃ የሚኖር ቤት ውስጥ 70 ሊትር መሬት ላይ ድፉ ማለት ምን እንደሆነ የሚገባው የኖረበት ነው። ባልየው «በቃ፣ ቅቡ እኮ ሁለት እጅ ነው» አለ። እማማ ናቸው ያስማሙን፦ «ድፉት። ስንጨርስ በጣሳ እየቀዳን ለሽንት ቤት እናደርገዋለን።» አራት ጀሪካን ተደፋ። የውሃውን ልክ ግድግዳው ላይ በእርሳስ ምልክት አደረግኩ። ከታች ፎቅ ያሉትን ጎረቤትም ኮርኒሳቸውን እንዲያዩልን ነገርናቸው።

በማግስቱ ውሃው ከምልክቱ 1 ሳንቲሜትር ወርዷል። ጎረቤትየው ደረጃውን ወጥተው መጡና «ቧንቧዬ ዙሪያ ላብ አለው» አሉ። ወለሉን በሙሉ ቀብተን ቧንቧው ኮንክሪቱን የሚበሳበትን አንገት በደንብ አልያዝነውም ነበር። ያ የቁም ቧንቧ ለሁሉም ፎቅ የሚያገለግል ነው። የኮንዶሚኒየም አዋጁ (ቁጥር 370/1995) የግል ቤትን ከጋራ መጠቀሚያ ስለሚለይ፣ ከመንካታችን በፊት ለነዋሪዎች ማኅበሩ አሳወቅን። አንገቱ ዙሪያውን ተፈልፍሎ፣ በማይሰበሰብ ሲሚንቶ ተሞልቶ፣ እንደገና ተቀባ። ሁለተኛው ሙከራ ላይ ምልክቱና ውሃው እኩል አደሩ።

አሁን ወደ መቀመጫው ልምጣ። አጭሩን ግድግዳ ይዞ 1.30 ሜትር የሚረዝም፣ 40 ሳንቲሜትር ስፋት፣ 45 ሳንቲሜትር ከፍታ ያለው አግዳሚ ሠራን። ፍሬሙ ጋልቫናይዝድ ብረት፣ ላዩ በሰንጥቅ የተደረደረ የዋንዛ ጣውላ። ከሥሩ አራት ጀሪካን ልክ ይገባል፤ ይህን ጀሪካኑን ራሱን በሜትር ለክቼ ነው የወሰንኩት። በርሜሉ በአንድ ባለ 100 ሊትር ጠባብ በርሜል ተተካ። ከታች ቧንቧ ተበጅቶለት ባልዲ በሚያስገባ ማቆሚያ ላይ ቆመ። እማማ ከተቀመጡበት ሳይነሱ ይቀዳሉ። የቀረው ውሃ ኩሽና ሄደ።

ባልየው በረንዳ ላይ የ500 ሊትር ሮቶ ይቀመጥ ብሎ ነበር። እምቢ አልኩ። 500 ሊትር ውሃ ግማሽ ቶን ነው፤ የሚያርፈውም ከአንድ ካሬ ባነሰች ቦታ ላይ ነው። የመኖሪያ ቤት ወለል አብዛኛውን ጊዜ የሚሰላው በካሬ 200 ኪሎ አካባቢ ጭነት ታስቦ ነው። ሌላ ሰው በረንዳ ላይ ስላስቀመጠ እኔም ላስቀምጥ ማለት ስሌት አይደለም። ከበርሜል ላይ የዝናብ ሻወር ማስኬድም እንዲሁ ሕልም ነው። በአንድ ሜትር ከፍታ የሚገኘው ግፊት 0.1 ባር ብቻ ነው፤ ይንጠባጠባል እንጂ አይዘንብም። ስለዚህ ውሃ ባለ ቀን ለልጆቹና ለባልና ሚስቱ የሚሆን ተራ የእጅ ሻወር፣ ከፍ ዝቅ በሚል ዘንግ ላይ ተገጠመ።

እማማ ሲቀመጡና ሲነሱ የሚይዙት ብረትም አስፈለገ። ግድግዳው ብሎኬት ነው፤ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ፊሸር (ብሎን የሚገባበት ፕላስቲክ) አይዝም። ተስቦ የሚወልቅ መያዣ ደግሞ ከሌለ መያዣ ይብሳል። ግድግዳውን በስተን በኮሪደሩ በኩል ላሜራ አድርገን በብሎን አሰርነው። ላሜራው አስቀያሚ ነበር። አሁን ቁልፍ ይሰቀልበታል። የመያዣው ከፍታ በመመሪያዎች ከ85 እስከ 90 ሳንቲሜትር ነው የሚባለው። እማማን አስነስቼ እጃቸው በተፈጥሮ የሚያርፍበትን ለካሁ፣ 82 ሆነ። በ82 ተሰቀለ።

በሩ ወደ ውስጥ ይከፈት ነበር። ሰው ውስጥ ቢወድቅ በሩን አካሉ ይዘጋዋል። ወደ ውጭ እንዲከፈት አዞርነው፣ መቀርቀሪያውም ከውጭ በሳንቲም የሚከፈት ሆነ። ቦይለሩን ሊፈትሽ የመጣው ኤሌክትሪሺያን ደግሞ ኧርዝ (ወደ መሬት የሚሄደው የደኅንነት ሽቦ) ጭራሽ እንዳልተገናኘ አገኘ። በኮንሴፕቴ ውስጥ የተደበቀ መብራት ነበረ፣ ኧርዝ አልነበረም። ኧርዙ ተገናኘ፣ ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ በ30 ሚሊ አምፒር የሚቆርጥ ብሬከርም ገባ።

## ሳሎኑ

ሳሎኑን ለማየት እሑድ ከሰዓት ሄድኩ። ዘጠኝ ሰው ነበር። የኤል ሶፋውን ሥዕል በሐሳቤ አስቀመጥኩት፤ ሰው የሚያልፍበት አጣ። ቡናው የሚፈላው በረንዳው በር ጥግ ላይ ነው፣ ያም በኔ ሥዕል የቲቪ መደርደሪያ ነበር። ልጃቸው «ቡናውን በረንዳ እናወጣዋለን» አለች። እማማ መልስ አልሰጡም፤ ከሰሉን ማራገብ ቀጠሉ። መልሳቸው ገባኝ።

ኤል ሶፋው ቀረ። መስኮቱን ይዞ 2 ሜትር በ80 ሳንቲሜትር የሆነ አግዳሚ ተሠራ፤ ቀን መቀመጫ፣ ማታ አልጋ። ሥሩ ብርድ ልብስና ጋቢ የሚገባበት መሳቢያ ነው። መሬት ላይ የሚነጠፈው መጅሊስ ርካሽ ነበር፣ ግን ከመሬት መነሳት ለታመመ ጉልበት ቅጣት ነው። ስለዚህ እሱም 45 ሳንቲሜትር ሆነ። ስፖንጁ ጠንካራ፣ የማይሰምጥ። ትይዩው ሁለት ነጠላ ወንበሮችና ተደራርበው የሚቀመጡ በርጩማዎች።

የቡናው ጥግ 90 በ90 ሳንቲሜትር ቦታ ተሰጠው። ወለሉ ሴራሚክ ነው፣ ፍም ቢወድቅበትም አያቃጥለውም። ከሰል ሲነድ የበረንዳው በር ክፍት መሆን አለበት፤ ሽታ የሌለው ጋዝ ነው የሚገድለው። ስለዚህ ጥግዋ በሩ ካልተከፈተ እንዳይመች ሆና ተሠራች። ሰው ሲቀመጥ ክርኑ በሩን ይነካል። ይህችን ተንኮል እወዳታለሁ።

ባለ ሁለት ደረጃው ጂፕሰም ተሰረዘ። እማማ ንጋት ላይ ዳዊት ይደግማሉ። የሚያስፈልጋቸው ራስጌ ላይ አንድ መብራት ነው፣ መብራት ሲሄድም የሚሠራ ባለ ባትሪ።

## ያልሠራው

የዋንዛው ጣውላ በሦስት ወሩ ጠቆረ። ዘይት ቀብቼዋለሁ፣ ይደርቃልም ብዬ ነበር። በቀን ሁለት ሦስቴ የሚረጥብ እንጨት መስኮቷ ትንሽ በሆነች ክፍል ውስጥ አይደርቅም። በፕላስቲክ ሰንጥቅ ተቀየረ። አያምርም፣ ይታጠባል።

ትልቁ ስህተቴ ግን የማታው አልጋ ነው። መጋረጃ ሀዲድ ኮርኒስ ላይ ሰቅዬ ነበር፣ እማማ ገበናቸው እንዲጠበቅ። አልወደዱትም። «ሆስፒታል አደረግሽብኝ» አሏት ልጃቸውን። ቲቪው እስከ 4 ሰዓት ይበራል፣ ድምፁን መጋረጃ አይከለክልም። በሁለተኛው ወር ቤተሰቡ ራሱ ፈታው። እማማ ከልጅቷ ጋር መኝታ ክፍል ገቡ፣ ልጁ ሳሎን ወጣ። የለካሁት አልጋ ላይ አሁን የ12 ዓመት ልጅ ይተኛል። ዳዊት ማንበቢያው መብራት ሥር ስልክ ቻርጅ ያደርጋል። ማን የት ይተኛል የሚለውን ከዲዛይኑ በፊት ቁጭ ብለን አላወራንም ነበር።

ወጪውም መጀመሪያ ከታሰበው በሩብ ያህል በለጠ። የፈረሰውን ሴራሚክና የጉልበት ዋጋውን እኔ ቻልኩ፤ ለሁለተኛው ዲዛይንም አልጠየቅሁም። መስታወቱን ያዘዝንበት ቤት በልክ የተቆረጠ ነው ብሎ አልመለሰም፣ ልክ ነው።

ሜሪላንድ ያለችው ልጅ በቪዲዮ ስታየው ዝም አለች። ቆይታ «ጀሪካኑን ነው ያሳመራችሁት?» አለች። ለፋሲካ መጥታ በደረቅ ሳምንት አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ከሳፋ ታጠበች። ከዚያ በኋላ ስለ ሆቴል አላነሳችም፤ ወደደችው ለማለት ግን አልደፍርም።

## ለሌላ ቤት የሚሆነው

ውሃ በፈረቃ በሆነበት ቤት የሻወር ቤት ንድፍ የሚጀምረው ከዕቃ ቆጠራ ነው። በርሜል፣ ጀሪካን፣ ባልዲ፣ ሳፋ፣ ጆግ፤ ስንት ናቸው፣ ሲሞሉ ስንት ኪሎ ናቸው፣ ማን ነው የሚያነሳቸው? ለእነሱ ቦታ ካልተሳለ ራሳቸው ቦታ ይይዛሉ፣ ያውም መሐል።

አዛውንት ያሉበት ቤት ውስጥ ልኩን ከመመሪያ ጀምሩ፣ ግን ሰውየውን ወይም ሴትየዋን አስነስታችሁ ጨርሱ። ሦስት ሳንቲሜትር ትንሽ ትመስላለች። በእርጥብ እጅ ለሚይዝ ሰው ትንሽ አይደለችም።

ሴራሚክ በሴራሚክ ላይ ማንጠፍ ሳሎን ውስጥ ያስኬድ ይሆናል። ሻወር ቤት ውስጥ ግን መጀመሪያ ውሃ ልክ አምጥታችሁ የኮሪደሩን ከፍታና የፍሳሹን አፍ ለኩ። የውሃ ሙከራውን ደግሞ ከሴራሚኩ በፊት አድርጉት፤ ከታች ላለው ጎረቤት ቀድማችሁ ንገሩ። የኛን ቀዳዳ ያገኙልን እሳቸው ናቸው።

ስሪዲ አሁንም እሠራለሁ፣ ደንበኛ ያለ እሱ አይፈርምም። ከዚህ ሥራ ወዲህ ግን ሻወር ቤት ስስል ቢጫ ጀሪካኑን አስገባዋለሁ። አንድ ደንበኛ «ይሄን አጥፋልኝ» ብሎኝ ያውቃል። አላጠፋሁም፣ የት እንደሚያስቀምጠው ጠየቅሁት። መስታወቱ እስካሁን ቢሮዬ በር ጀርባ ቆሟል፤ 1.90 በ70 ነው፣ ልኩ የሚሆነው ሰው ካለ በርካሽ እሰጣለሁ።